ወንዝ የሌላቸው ከተሞች እና የጎርፍ ትንበያ

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጎን ለጎን የተቆረቆሩት ደማምና ኮባር ወንዝ የላቸውም። በዓመት የሚያገኙት ዝናብም በአማካይ ከ100 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ ነው። አዲስ አበባ በነሐሴ ወር ብቻ ከዚህ እጥፍ የሚበልጥ ዝናብ ታስተናግዳለች። ይሁን እንጂ በየካቲት ወር 2009 ዓ.ም. በሁለቱ ከተሞች የጣለው ከባድ ዝናብ ጎዳናዎችን አጥለቅልቋል፤ በድልድይ ሥር የሚያልፉ መንገዶችን በውኃ ሞልቷል፤ ተሽከርካሪዎችን ባሉበት አስቁሟል፤ ትምህርት ቤቶችንም አዘግቷል። በነዳጅ ሀብቷ በምትታወቀው ሀገር፣ ያውም የነዳጅ ኢንዱስትሪዋ ማዕከል በሆነው አካባቢ፣ የጥቂት ሰዓታት ዝናብ የከተማ ሕይወትን ሊያቆም መቻሉ ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነበር።

እንቆቅልሹን ለመፍታት ወደ ሰማይ ከመመልከት ይልቅ ወደ መሬት መመልከት ይጠቅማል። በረሃ ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የወረደበትን ውኃ ሁሉ ምጥጥ አድርጎ የሚውጥ አሸዋ ነው። የደማምና የኮባር መሬት ግን በከፊል እንዲህ አይደለም። በባሕሩ ዳርቻ ሰፊ ቦታ የያዘው ዐረቦቹ «ሰብኻ» የሚሉት ጨዋማ ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ የከርሰ ምድር ውኃ ከመሬቱ ገጽ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ ከላይ ደግሞ የጨው ቅርፊት አለው። ከታች የሞላ ዕቃ ከላይ ቢጨመርበት እንደማይቀበል ሁሉ፣ ይህም መሬት ዝናብ ሲጥልበት ውኃውን ወደ ውስጥ ከማስረግ ይልቅ በላዩ ላይ ያቁረዋል። በዚህ ላይ ከባሕር ተቀንሶ በአፈር የተሞላ ቦታ፣ አስፋልትና ኮንክሪት ሲጨመርበት ውኃው የሚገባበት ያጣል።

መሬቱ ሜዳማ መሆኑ ሁለተኛው ችግር ነው። በአካባቢው ጎላ ያለው ከፍታ የዳህራን ኮረብታ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.አ.አ. በ1938 ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ያገኘችበት «ደማም ቁጥር 7» የተባለው ጉድጓድ የተቆፈረው በዚሁ ነው። ሀገሪቱን ባለጸጋ ያደረጋት ይኸው ጉብታ ዝናብ ሲጥል ውኃውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ኮባርና ወደ ደማም ያወርዳል። ከኮረብታው እግር በኋላ ግን ተዳፋት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ውኃው ወደ ባሕር የሚሄደው በራሱ ኃይል ሳይሆን በማፋሰሻ ቱቦዎችና በፓምፕ ድጋፍ ነው። የባሕሩ ማዕበል ከፍ ባለበት ሰዓት ዝናብ ቢጥል፣ ወደ ባሕር የሚያፈሱት ቱቦዎች አፋቸው በውኃ ስለሚሸፈን ፍሰታቸው ይቀንሳል።

የችግሩን መጠን ቀላል ስሌት ያሳየዋል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1 ሺህ ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፈር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢጥልና ምንም ባይሰርግ 500 ሺህ ሜትር ኩብ ማለት ነው። በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፓምፕ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ቢሠራ ይህን ውኃ ለመጨረስ ስድስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ማንኛውም ከተማ የፓምፕ ብዛት በመጨመር ብቻ የትኛውንም ዝናብ ሊቋቋም አይችልም። ውኃው የት እንደሚጠራቀም፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስና የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ማወቅ ግን ይቻላል። የሃይድሮሎጂ ሞዴል ሥራም ይህንኑ ማስላት ነው።

የሃይድሮሎጂ ሞዴል የወረደው ዝናብ በመሬት ላይ ምን እንደሚሆን በሒሳብ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። በአጠቃላይ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ጥቅል ሞዴል ነው። ይህ አንድን ተፋሰስ እንደ አንድ ባልዲ ይቆጥረዋል፤ በአናቱ አማካይ ዝናብ ይገባል፣ በአፉ የወንዝ ፍሰት ይወጣል። እ.አ.አ. በ1970ዎቹ በስዊድን የተሠራውና በኢትዮጵያ ተፋሰሶችም ለጥናት በብዛት የዋለው «ኤችቢቪ» የተባለው ሞዴል ከዚህ ወገን ብዙም የራቀ አይደለም። ሁለተኛው ተፋሰሱን በጥቃቅን ካሬዎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ካሬ ዝናብ፣ አፈር፣ ተዳፋትና የመሬት አጠቃቀም ለየብቻ ይዞ፣ ውኃው ከካሬ ወደ ካሬ እንዴት እንደሚሻገር የሚያሰላው ነው። ባለሙያዎች የተሰራጨ ሞዴል ይሉታል።

የሁለተኛው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አለን ፍሪዝና ሃርላን የተባሉ ተመራማሪዎች ንድፉን በጽሑፍ ያቀረቡት እ.አ.አ. በ1969 ነው። የእንግሊዝ፣ የዴንማርክና የፈረንሳይ ተቋማት በጋራ ሆነው ወደ ሥራ የለወጡትም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነበር። የኮምፒውተር አቅም ሲያድግ የአጠቃቀሙ ስፋትም አደገ። አሜሪካ እ.አ.አ. በነሐሴ 2016 ሥራ ላይ ያዋለችው ብሔራዊ የውኃ ሞዴል 2 ነጥብ 7 ሚሊዮን ለሚሆኑ የወንዝ ክፍሎች ትንበያ የሚሰጥ ነው።

ለደማምና ለኮባር ጥቅል ሞዴል የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነው። ምክንያቱም «ባልዲው» አፍ የለውም። የሚለካ ወንዝ ስለሌለ የሚተነበይ የወንዝ ፍሰት የለም። የከተማው ነዋሪ የሚጠይቀው ወንዙ ስንት ሜትር ኩብ ያወርዳል ብሎ ሳይሆን፣ ከሥራ ስወጣ በዚያ ድልድይ ሥር ማለፍ እችላለሁን ብሎ ነው። ይህን ሊመልስ የሚችለው እያንዳንዱን ጎዳና እንደ ትንሽ ወንዝ፣ እያንዳንዱን በድልድይ ሥር የሚያልፍ መንገድ እንደ ትንሽ ሐይቅ ቆጥሮ የሚያሰላው የተሰራጨ ሞዴል ነው። ከመሬት በታች ያሉት የማፋሰሻ መስመሮችም በስሌቱ ውስጥ ሊገቡ ይገባል። ያለ እነርሱ የሚሠራ የከተማ ሞዴል ጎዳናዎችን እንጂ ከተማዋን አያውቃትም።

በዚያው በሳዑዲ ዓረቢያ በምዕራቡ ጫፍ የምትገኘው ጅዳ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እ.አ.አ. ኅዳር 25 ቀን 2009 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የወረደ ዝናብ በጅዳ ከ120 በላይ ሰዎችን ለሞት ዳርጓል። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በጥር 2011፣ ጎርፉ ተመልሶ መጥቷል። የጅዳ ጎርፍ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች በደረቅ ሸለቆዎች በኩል እየተምዘገዘገ የሚወርድ ነው። ሸለቆ ባለበት ግድብ መሥራትና ውኃውን አቅጣጫ ማስለወጥ ይቻላል፤ ጅዳም ከአደጋው በኋላ ይህንኑ አድርጋለች። ደማምና ኮባር ግን የሚገደብ ሸለቆ የላቸውም። የጅዳን መፍትሔ እንዳለ ወስዶ ወደ ምሥራቅ ማሻገር የማይቻለው ለዚህ ነው። ወደ እነርሱ ይበልጥ የሚቀርበው የዱባይ ሁኔታ ነው። እ.አ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ኻትም አል ሸክላ በተባለ ስፍራ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ተመዝግቧል። መዝገብ መያዝ ከጀመረበት ከ1949 ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም። በዱባይ ሜዳማ ሰፈሮች ውኃው ለቀናት ተኝቶ መሰንበቱ ይታወሳል።

የተሰራጨ ሞዴል ለሜዳማ ከተማ የሚስማማ መሆኑ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በየከተማው ሥራ ላይ የማይውለው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ የሞዴሉ ብርታት ራሱ ድካሙም መሆኑ ነው። ለያንዳንዱ ካሬ መረጃ ይፈልጋል። ዝናብን ከሳተላይት የሚለካው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በየግማሽ ሰዓቱ መረጃ ይሰጣል፤ አንዱ የመለኪያ ካሬው ግን በጎን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞዴሉ በጎን 30 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ቢሠራ በዚያ በአንዱ የሳተላይት ካሬ ውስጥ ከ110 ሺህ የሚበልጡ የራሱ ካሬዎች ይኖራሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝናብ ይሰጣቸዋል ማለት ነው። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ደግሞ ነጎድጓዳማ ዝናብ አንዱን ሰፈር አጥለቅልቆ ጎረቤቱን ደረቅ አድርጎ ማለፉ የተለመደ ነው። የዝናብ ራዳርና ጥቅጥቅ ብለው የተተከሉ የዝናብ መለኪያዎች ካልታከሉበት የሞዴሉ ጥራት ከላይ ሲታይ የሚያምር፣ ከሥር ግን ባዶ ይሆናል።

የመሬት ከፍታ መረጃውም እንዲሁ ነው። በነጻ የሚገኙት ዓለም አቀፍ የከፍታ ካርታዎች ሜትሮች የሚደርስ ስሕተት አላቸው። በኢትዮጵያ ተራራማ ተፋሰስ ይህ ስሕተት ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ገደሉ ራሱ ይናገራልና። በኮባር ግን ውኃው ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ ይሄዳል የሚለውን የሚወስነው የግማሽ ሜትር ልዩነት፣ አንዳንዴም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው። በመሆኑም ከአውሮፕላን በሌዘር ጨረር የሚወሰድ ዝርዝር የከፍታ ልኬት ለእንዲህ ያለ ከተማ ቅንጦት አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ባለሙያዎችን ለዐሥርት ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። እንግሊዛዊው ሃይድሮሎጂስት ኪት ቤቨን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሰራጩ ሞዴሎች ላይ ብርቱ ትችት ሲያቀርብ ቆይቷል። እርሱ ራሱ ከማይክ ኪርክቢ ጋር በ1979 በዓለም የታወቀ ሞዴል የሠራ ሰው ነውና ትችቱ የውጭ ተመልካች ትችት አልነበረም። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሞዴሉ ብዙ ቁጥሮች ስላሉት በጣም የተለያዩ የቁጥር ጥምረቶች አንድ ዓይነት ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ፤ እንግዲያው ትክክለኛ ውጤት ማግኘት ትክክለኛ ምክንያት ለማግኘቱ ማስረጃ አይሆንም። በአሜሪካ የሜትሮሎጂ አገልግሎት አስተባባሪነት የተካሄደውና ውጤቱ በ2004 የታተመው የሞዴሎች ንጽጽርም፣ በተፋሰስ መውጫ ላይ የሚለካውን ፍሰት በመተንበይ ረገድ ጥቅል ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ ከተሰራጩት እንደማያንሱ አሳይቷል።

ትችቱ ተገቢ ነው፤ ለደማምና ለኮባር ግን በከፊል ብቻ ይሠራል። ንጽጽሩ የተካሄደው የወንዝ መውጫ ባላቸው ተፋሰሶች ነው። መውጫ በሌለበት ጥቅል ሞዴሉ የሚያሸንፍበት ሜዳ አይኖረውም። ይልቁንም በሁለቱ ከተሞች የከፋው ነገር ሞዴሉን ከእውነታው ጋር ማመሳከሪያ መጥፋቱ ነው። የወንዝ መለኪያ ጣቢያ የለም፤ ከባድ ዝናብ የሚጥለው በዓመት በጥቂት ቀናት ነው፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይጥልም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት መዝገብ መፈለግ ያስፈልጋል። ፓምፖች በየትኛው ሰዓት ተነሥተው ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ የሲቪል መከላከያ ሠራተኞች ከየትኛው ሰፈር የድረሱልን ጥሪ እንደደረሳቸው፣ የትራፊክ ካሜራዎች ምን እንዳዩ፣ ነዋሪዎች ያነሷቸው ፎቶግራፎች ውኃው በግድግዳ ላይ እስከ የት እንደደረሰ ማሳየታቸው፤ ይህ ሁሉ ለሞዴሉ የወንዝ መለኪያን ይተካል። ችግሩ እንዲህ ያለው መረጃ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች እጅ ተበታትኖ የሚኖር መሆኑ ነው። በደማም፣ በጅዳም ሆነ በአዲስ አበባ ለትንበያ ትልቁ እንቅፋት የኮምፒውተር እጥረት ሳይሆን ይኸው የመረጃ መበታተን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትንበያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በሳዑዲ ዓረቢያ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ብሔራዊ የሜትሮሎጂ ማዕከል ነው። ማስጠንቀቂያው በቀለም ደረጃ ተከፋፍሎ ለየአካባቢው ይወጣል። ምሥራቃዊ ግዛት ግን ከሀገሪቱ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ በቆዳ ስፋት ትልቁ ነው፤ አንድ ከተማን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ እንኳ የትኛው ጎዳና እንደሚዘጋ አይናገርም። በግዛቱ ከሚኖሩት መካከል ዐረብኛ የማያነቡ የውጭ ሀገር ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። በብዛት የሚታወቁት በጅዳና በሪያድ ቢሆንም፣ በደማምና በኮባርም በቤት ሠራተኛነት፣ በሾፌርነት፣ በግንባታና በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩ አሉ። የቀን ሠራተኛ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ተብሎ ከሥራ አይቀርም። በድልድይ ሥር የሚያልፈው መንገድ በአንድ ሰዓት ውስጥ በውኃ ይሞላል ቢባል ግን መንገድ መቀየር ይችላል። አጠቃላይ የዝናብ ትንበያ ይህን ዕድል አይሰጠውም፤ የሚሰጠው እስከ ጎዳና ድረስ የወረደ፣ በሚያነበውም ቋንቋ የተላከ መልእክት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.አ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው ዕቅድ በ2027 መጨረሻ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲሸፈን ያልማል። በዕቅዱ መሠረት ቅድሚያ ከተሰጣቸው 30 ሀገራት አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በውጭ የሚኖረውን ዜጋ በሚመለከት ግን የመልእክቱ ቋንቋ የሚወሰነው በሚኖርበት ሀገር ነው። በሪያድ የሚገኘው ኤምባሲና በጅዳ የሚገኘው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ከዜጎች ጋር የሚገናኙባቸው የማኅበራዊ ትስስር ገጾች ማስጠንቀቂያዎችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ አሳጥሮ ለማድረስ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ኢትዮጵያ ራሷ በቦታ ያልተለየ ትንበያ የሚያስከፍለውን ዋጋ ታውቀዋለች። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ በድሬዳዋ የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ውኃው የመጣው ከከተማዋ በላይ ካሉት የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች በደቻቱ በኩል ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ መውረጃ በዚያች ሌሊት በእንቅልፍ ላይ የነበሩ ነዋሪዎችን ጠርጎ ወሰደ። የከተማዋን ሰማይ ብቻ የሚመለከት ሰው አደጋውን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ደጋው ላይ የጣለውን ዝናብ በየካሬው ይዞ ወደ ታች የሚያሰላ ሞዴል፣ ከላይ ካሉ የዝናብ መለኪያዎች ጋር ተገናኝቶ ቢኖር፣ ጥቂት ሰዓታት እንኳ ባይሆን የብዙ ደቂቃ ዕድል ይሰጥ ነበር። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ በዳሰነች ሞልቶ ከ360 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር። ኦሞ ረጅም ወንዝ ነው፤ ውኃው ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወንዝ ቀላል የሆነ ጥቅል ሞዴልና ከላይ የተተከለ አስተማማኝ የወንዝ መለኪያ ብዙ ርቀት ያስኬዳል።

ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ለደማም የሚቀርብ ባሕርይ አለው። ርብና ጉማራ ከደጋው በፍጥነት ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይተኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ወዴት እንደሚሰፋ የሚወስኑት ትንንሽ የከፍታ ልዩነቶች፣ የእርሻ ድንበሮችና የመንገድ ካቦች ናቸው። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ቀጣና ጽሕፈት ቤት ለጣና ዙሪያ የክረምት የጎርፍ ትንበያ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። የፎገራ ገበሬ ከደማም ነዋሪ የሚለየው ውኃውን ሙሉ በሙሉ እንደ ጠላት የማያይ መሆኑ ነው፤ ሩዙ የሚበቅለው በዚያው ውኃ ነውና። እርሱ የሚፈልገው ትንበያ ጎርፍ ይመጣል የሚል ብቻ ሳይሆን እስከ የት ደርሶ ስንት ቀን ይቆያል የሚል ነው።

በአዲስ አበባም አዳዲስ መንገዶችና የወንዝ ዳርቻ ልማቶች የከተማዋን ገጽ በፍጥነት እየለወጡ ነው። አንድ ጎዳና በተነጠፈ ቁጥር የውኃው መንገድ ይለወጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሠራ ሞዴልም ያረጃል። የማፋሰሻ መስመሮቹ ስፋት፣ ጥልቀትና ተዳፋት ግንባታው ሲጠናቀቅ በዲጂታል ካርታ ላይ ተመዝግቦ ለኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ቢደርስ፣ በኋላ አስፋልት ቆፍሮ ከመፈለግ እጅግ ይረክሳል። ደማምና ኮባር አሁን የሚቸገሩበት ሥራ አንዱ ይኸው ነው፤ በልዩ ልዩ ዘመን የተቀበሩ ቱቦዎችን ካርታ አሰባስቦ ከአንድ ሞዴል ጋር ማገናኘት። የሁለቱ ከተሞች የዝናብ ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የሚዘልቅ ሲሆን፣ የተቀሩት ወራት ቱቦዎቹ በአሸዋ የሚደፈኑባቸው ደረቅ ወራት ናቸው። የተደፈነ ቱቦ በካርታው ላይ ክፍት ሆኖ ከተመዘገበ ደግሞ ሞዴሉ ደረቅ ይሆናል ያለው ጎዳና በመጀመሪያው ዝናብ ይሞላል።